ደብረ ሊባኖስን በደርሶ መልስ ለመሳለም

ሰሜን ሸዋ ሲባል ሁለት መንገድ መኖሩን አስቀድሞ መረዳት ይገባል። አንደኛው ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ፣ በሱሉልታና በጫንጮ በኩል ወደ ፍቼ የሚዘልቀው የጎጃም መንገድ ነው፤ ደብረ ሊባኖስ የሚገኘው በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው በለገጣፎና በሸኖ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው የደሴ መንገድ ነው፤ የአንኮበር አድባራት የሚገኙት በዚያ በኩል ነው። አንዱ በኦሮሚያ ሌላው በአማራ ክልል ውስጥ ቢሆንም ሁለቱም ዞኖች «ሰሜን ሸዋ» ስለሚባሉ፣ ከቤቱ ሆኖ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያዳርሳቸው ይመስለዋል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ መስሎኝ፣ «በአንድ ቀን አራት ቦታ» የሚል የጋራ ጉዞ ተመዝግቤ ሄጄ ነበር። ደብረ ሊባኖስ የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ቅዳሴው አልቆ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቶ፣ ቁልፍ የያዙት አባት ለማዕድ ወርደው ነበር። አስተባባሪያችን ሌላ ቦታ እንደሚቀረን እያሳሰበ ስላቻኮለን ደጁን ስመን ተመለስን። እናቴ ማታ «የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን መቃብር ተሳለምክ ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው ምክርም አንድ ነው፤ አንድ ቀን ለአንድ ገዳም ብቻ ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ ደብረ ሊባኖስን የመረጥሁት ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅና በማለዳ የተነሳ ሰው ሳይቸኩል ውሎ ከመምሸቱ በፊት ወደ ቤቱ ሊመለስ ስለሚችል ነው።

ቀኑን ስለ መምረጥ

የጉዞውን መልክ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የምትሄዱበት ቀን ነው። የገዳሙ መሥራች የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወርኃዊ በዓል በየወሩ በ24 ሲሆን፣ በዓመት ውስጥ ደግሞ ሦስት ታላላቅ በዓላት አሏቸው፤ ታኅሣሥ 24 የልደታቸው፣ ነሐሴ 24 የዕረፍታቸው፣ ግንቦት 12 ደግሞ የዐፅማቸው ፍልሰት መታሰቢያ ነው። በእነዚህ ቀናት ገዳሙ ከየአገሩ በመጣ ሕዝብ ይሞላል። ማኅሌቱን ለመስማትና በዓሉን ከሕዝቡ ጋር ለማክበር የሚሻ ሰው በእነዚህ ቀናት መሄድ አለበት፤ ነገር ግን ከዋዜማው ጀምሮ እዚያው ማደርን እንጂ ደርሶ መልስን ማሰብ የለበትም፤ በዓሉን በዓል የሚያደርገው የሌሊቱ ማኅሌት ነውና። ቤተ ክርስቲያኑን በእርጋታ ማየት፣ ከአባቶች ጋር መነጋገር፣ ወደ ዋሻው መውጣት ለሚፈልግ ግን ከበዓል ውጭ ያለ የሥራ ቀን ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጾም ነው። ጾም በሌለበት ቀን እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴ የሚገባው በማለዳ ነው፤ በረቡዕና በዓርብ፣ እንደ ዐቢይ ጾምና እንደ ጾመ ፍልሰታ ባሉት አጽዋማት ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ወደ ቀትር ይዘገያል። ይህን ሳያጣሩ የሄዱ ሰዎች በረቡዕ ሌሊት ተነስተው ሲደርሱ ቅዳሴው ገና ሰዓታት ሲቀሩት ያገኙታል፤ ወይም ደግሞ በማክሰኞ አርፍደው ደርሰው አልቆ ያገኙታል። እኔ በግሌ ጾም የሌለበትን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ እመርጣለሁ፤ ቅዳሴው በጠዋት ስለሚያልቅ የቀረው ሰዓት ለዋሻውና ለሸለቆው ይተርፋል።

የአየሩንም ነገር ችላ ማለት አይገባም። በሐምሌና በነሐሴ የእንጦጦና የሱሉልታ መንገድ በማለዳ ጉም ስለሚሸፍነው መንዳት ያስቸግራል፤ በዋሻው አቀበት ላይ ያለው ድንጋይም ያንሸራትታል። በሌላ በኩል ወንዙ ሞልቶ ፏፏቴው ሲወርድ ማየት የሚፈልግ ሰው በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ መሄድ አለበት፤ መሬቱ አረንጓዴ እንደሆነ ዝናቡ የሚያባራበት ወቅት ነው። በበጋ ውኃው ይመነምናል፤ መንገዱ ግን ይቀላል።

ከቤት ከመውጣት በፊት

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ከጉዞው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ፍቼ ወይም ደብረ ጽጌ ለሚኖር ለምታውቁት ሰው፣ ካልሆነም በመስመሩ ለሚሠሩ ሾፌሮች ደውሎ መጠየቅ አስፈላጊ ነው። መንገዱ አስተማማኝ አይደለም ከተባላችሁ ጉዞውን ለሌላ ቀን አዙሩት።

ልብስን በተመለከተ ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪና ነጠላ ወይም ጋቢ ቢይዙ ይመረጣል። ነጠላው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ሲቆሙ በመስቀለኛ ይጣፋል፣ በሸለቆው ዳር ሲነፍስ ይከናነቡታል፣ ሲደክምም ያነጥፉታል። ጫማ ቶሎ የሚወልቅና ቶሎ የሚደረግ፣ ሶሉ ግን አቀበት የሚችል ይሁን፤ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ታወልቁታላችሁና ረጅም ማሰሪያ ያለው ጫማ ጊዜ ይፈጃል። ወፍራም ካልሲ መያዝ ደግሞ ከብዙ ነገር ያድናል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል በማለዳ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ለገዳሙ ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ይዞ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ ከመታጠፊያው ጀምሮ እስከ ደጁ ድረስ ጧፍና መቁጠሪያ የሚሸጡ ስላሉ ከዚያም መግዛት ይቻላል። ዝርዝር ብር መያዝን አትርሱ። በደጁ ዳር የሚቀመጡ ነዳያንና ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ መቶ ብር ብቻ የያዘ ሰው ወይ ለአንዱ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል፣ ወይም አንገቱን ደፍቶ ሳይሰጥ ያልፋል። ጸበል የምታመጡበት ንጹሕ ጀሪካን ወይም ባዶ ሃይላንድም ያዙ። ምግብ ከያዛችሁ የጾም ይሁን፤ ቀኑ የፍስክ ቢሆንም እንኳ ሥጋ ይዞ ወደ ገዳም መግባት ነውር ነው።

መንገዱ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው፣ መንገድ ካልተዘጋበት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የራሱ መኪና የሌለው ወደ ፍቼ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ ለረዳቱ «ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ወራጅ አለ» ማለቱ ይበቃዋል። እንጦጦን እንደ ወጣችሁ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል፤ ከዚያ ጫንጮ፣ ዱበር፣ ሙከ ጡሪና ደብረ ጽጌ በተራ ይመጣሉ። እስከዚያ ድረስ አገሩ ሜዳ ስለሆነ፣ ከደብረ ጽጌ በኋላ መሬቱ በቀኝ በኩል ድንገት ተቆርጦ ገደል ሲሆን ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ሸለቆው ዘጋ ወደም የሚባለው ወንዝ የቆፈረው ነው፤ ወንዙ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ገዳሙ ያለው በዚህ ገደል ግማሽ ወገብ ላይ፣ ከበስተላዩ የቋጥኝ ግድግዳ ከበስተሥሩ ሌላ ገደል ባለበት መደብ ላይ ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ገዳሙ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። አቅም ያለው በእግሩ ቢወርድ እመክራለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በዛፎቹ መካከል መጀመሪያ ብልጭ ሲል የሚሰማውን ስሜት በመኪና የሚወርድ ሰው አያገኘውም።

ከደጁ ሲደርሱ

ከደጀ ሰላሙ ሳትገቡ ቁሙና ተሳለሙ። አባት ስታገኙ «አባቴ ይባርኩኝ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፤ መነኮሳይት ካገኛችሁ «እማሆይ» በሉ። ጥያቄ ካላችሁ ከሰላምታው በኋላ ጥቂት ቆይታችሁ ጠይቁ፤ በገዳም ውስጥ ከሰላምታ በፊት የሚቀርብ ጥያቄ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ለጎብኚ የተወሰነ ክፍያ ካለ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ አስረጂ ከፈለጋችሁ እዚያው ጠይቁ እንጂ ከመንገድ ላይ ተከትሎ የመጣን ሰው አትያዙ።

ወንዶች በሰሜን በኩል፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ባለው በር ይገባሉ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት መሠረት ወደ ውስጥ ሳትገባ ከቅጥሩ ቆማ ታስቀድሳለች፤ የጉዞው አስተባባሪ ይህን ቀደም ብሎ በዘዴ ቢናገር አንዲት እህት ከበሩ ላይ ደርሳ ከመሸማቀቅ ትድናለች። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ እስኪያልቅ ቁሙ፤ በመካከል መዞርም ሆነ ፎቶ ማንሳት አይገባም። ከቅዳሴው በኋላ ለፎቶ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከተከለከላችሁም «እሺ አባቴ» ብላችሁ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። ወደ መቅደሱ መጋረጃ መጠጋት ለማንም ምእመን አልተፈቀደም።

ዛሬ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተሠራ ነው። የመስኮቶቹን ባለ ቀለም መስታወት የሠሩት ሰዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ይህን ሥራ ለማየት የሚሻለው ጊዜ ማለዳ ነው፤ ፀሐይዋ በምሥራቁ ቋጥኝ ላይ ብቅ ስትል ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን በቆሙት ምእመናን ነጠላ ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ሳለ የመስታወቱ ቀለም ቀስ እያለ ከትከሻቸው ወደ እጃቸው፣ ከእጃቸው ወደ መቋሚያው ሲወርድ አይቻለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ስለነበር አላወቁም፤ እኔ ግን ያን ቀን የቅዳሴው ርዝመት አልተሰማኝም።

ሕንፃው አዲስ ሆኖ ያሳዘናችሁ እንደሆነ የገዳሙን ታሪክ ማወቅ ይረዳል። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት በዚያው በሸዋ፣ በቡልጋ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ስሙ ደብረ አስቦ ነበር። ደብረ ሊባኖስ ያሉት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። የገዳሙ አበ ምኔት እጨጌ ይባል ነበር፤ ጳጳሱ ከግብፅ ይመጣ በነበረበት በዚያ ረጅም ዘመን ከኢትዮጵያውያን መካከል ከፍተኛውን የቤተ ክህነት ሥልጣን የያዘው እጨጌው ነው። በ1523 ዓ.ም. ክረምት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለው፤ የእጨጌዎቹም መንበር በኋላ ወደ ጎንደር አካባቢ፣ ወደ አዘዞ ተዛወረ። እንግዲህ አሮጌ ግድግዳ ባታዩ አይግረማችሁ፤ ሰው ወደዚህ የሚመጣው ለጸሎቱና ለመቃብሩ ነው። የጻድቁ መቃብር በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስላለ፣ ሳትሳለሙ እንዳትወጡ ቦታውን ጠይቁ።

ከሥዕሎቹ ፊት ስትቆሙ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በሁለት ምልክት ትለዩአቸዋላችሁ። አንዱ ስድስት ክንፋቸው ነው፤ ገድላቸው እንደሚለው ከደብረ ዳሞ በገመድ ሲወርዱ ሰይጣን ገመዱን በቆረጠው ጊዜ የተሰጣቸው ነው። ሌላው ከአጠገባቸው የተቆረጠ እግራቸው መሣሉ ነው፤ በጸሎት ብዛት እግራቸው ከተሰበረ በኋላ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው እንደ ጸለዩ ይነገራል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ንገሯቸው፤ ሥዕሉን ራሳቸው ፈልገው ሲያገኙት ደስታቸው ልዩ ነው።

ወደ ዋሻው

ጸሎቱ የተጸለየበት ነው የሚባለው ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ከቋጥኙ ሥር ይገኛል። እንደ እግራችሁ ብርታት ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መንገዱ በመነኮሳትና በመነኮሳይት መኖሪያዎች መካከል ስለሚያልፍ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ በተከፈተ በር ወደ ውስጥ አትመልከቱ። በግራና በቀኝ የምታዩአቸው መቃብሮች ብዛት የሚያስገርም ነው። ደብረ ሊባኖስ መቀበር ምሕረት እንደሚያስገኝ ስለሚታመን፣ ሩቅ አገር የሞተ ዘመዱን ወይም ዐፅሙን አምጥቶ እዚህ የሚያሳርፍ ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ነው። በመቃብሮቹ ላይ መቀመጥ ወይም ምግብ መዘርጋት ፈጽሞ አይገባም።

በዋሻው ውስጥ ከዓለቱ የሚንጠባጠበው ውኃ ጸበል ነው። ጸበል የሚጠጣና የሚጠመቅ ሰው እህል ውኃ ሳይቀምስ መሆን ስላለበት፣ ይህን ያሰበ ሁሉ ስንቁን ከዋሻው እስኪመለስ መንካት የለበትም። ተራችሁን ጠብቁ፤ ከፊታችሁ የታመመ ሰው ካለ ግን ቅድሚያ ስጡት። ጀሪካን ለመሙላት ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ጠብታው የሚሞላው በራሱ ጊዜ ነው። እኔ የምወደው ሰዓት ይህ ነው። ከኋላችሁ ሸለቆው አለ፣ ከፊታችሁ ጨለማው ዋሻ፤ ጠብታው ከጀሪካኑ ሥር ሲያርፍ መጀመሪያ ጠንከር ያለ ድምፅ ያሰማል፣ እየሞላ ሲሄድ ግን ድምፁ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ የለመዱ እናቶች ጀሪካኑን ሳያዩ በድምፁ ብቻ መሙላቱን ያውቃሉ።

ከዋሻው ስትወርዱ ከገዳሙ ዳቤና ንፍሮ ከቀረበላችሁ «በልቻለሁ» አትበሉ፤ በሁለት እጅ ተቀብላችሁ ቅመሱ።

ግንቦት 1929

ደብረ ሊባኖስን ተሳልሞ ይህን ሳያውቁ መመለስ አይገባም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ግራዚያኒ የገዳሙን መነኮሳት ተባባሪ ናቸው ብሎ ወነጀለ። በጄኔራል ማሌቲ የሚመራው ጦር ገዳሙን የከበበው በፍልሰተ ዐፅሙ በዓል፣ ማለትም መነኮሳቱም እንግዶቹም በአንድ ላይ በሚገኙበት በግንቦት 12 አካባቢ ነው። መነኮሳቱ በጭነት መኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ሰዋራ ስፍራ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ፤ ተለይተው የቆዩት ዲያቆናት ደግሞ ከቀናት በኋላ በደብረ ብርሃን በኩል ተገደሉ። የጣሊያኖቹ የራሳቸው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር 449 ያደርሰዋል፤ ከጊዜ በኋላ ምስክሮችን በመጠየቅ የተደረገው ጥናት ግን ቁጥሩ ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ፣ ከሺህም እንደሚያልፍ አሳይቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የገዳሙ ሰዎች አልነበሩም፤ ልክ እንደ እናንተ ለበዓሉ መጥተው ሊመለሱ ያሰቡ ተሳላሚዎች ነበሩ።

ስለዚህ ነገር አረጋውያን አባቶችን ስትጠይቁ በዝግታ ጠይቁ። የሰማዕታቱን ታሪክ ከቀደሟቸው አባቶች አፍ የሰሙ አሉ፤ አንዳንዶቹ በዝርዝር ይናገራሉ፣ አንዳንዶቹ «ነፍሳቸውን ይማር» ብለው ዝም ይላሉ። ዝም ያሉትን አትጎትጉቱ፤ ስልክ አውጥቶ ድምፅ ለመቅረጽም ፈቃድ ጠይቁ።

ድልድዩና ጭላዳዎቹ

ከገዳሙ ወደ ዋናው መንገድ ስትመለሱ ጊዜ ከተረፋችሁ የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለውን የድንጋይ ድልድይ ማየት ትችላላችሁ። ከመታጠፊያው አካባቢ ጥቂት በእግር ያስኬዳል። ስሙ ቢያሳስትም ድልድዩን ያሠሩት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰላሌን ይገዙ የነበሩት የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ኖራው በሰጎን እንቁላል ቅርፊት እንደ ተለወሰ የአካባቢው ሰዎች ይናገራሉ። ከድልድዩ በታች ውኃው ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ከሁሉ የተሻለውን እይታ ይሰጣል። ዳሩ መከለያ ስለሌለው ልጆችን በእጃችሁ ያዙ።

በዚህ አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ታገኛላችሁ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኝም፤ ዋናው ምግቡም ሣር ነው። ደረታቸው ላይ ባለው ቀይ ምልክት በቀላሉ ይለያሉ፤ ቁጭ ብለው ሣሩን በሁለት እጃቸው እየነጩ ሲበሉ ሰው ቢቀርባቸውም ብዙ አይደነግጡም። ብስኩትም ሆነ ሙዝ አትስጧቸው፤ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ወደ ገበሬው እርሻ ይገባል፣ ገበሬውም ያሳድደዋል።

በደብረ ብርሃን በኩል ላላችሁ

የደብረ ብርሃን ነዋሪዎች ለደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ መንገዱ ይረዝምባችኋል፤ ለእናንተ የሚመቸው በከተማችሁ ጀምሮ አንኮበር ላይ የሚያበቃ ቀን ነው። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳለሙ፤ ከተማዋን የቆረቆሯትና የንግሥናቸውን የመጨረሻ ዓመታት የኖሩባት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲሆኑ፣ ስሟም በሰማይ ከታየ ብርሃን የመጣ ነው። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ አንኮበር ይደረሳል። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ስለነበረች በየኮረብታው ላይ አድባራት አሏት፤ የቤተ መንግሥቱ ፍራሽም ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል በሚያይ ጉብታ ላይ ይገኛል። እዚያም ቢሆን ሁሉንም አድባራት ለማዳረስ አትሞክሩ፤ ቄሰ ገበዙን በማለዳ አግኝታችሁ አንዱን ወይም ሁለቱን ክፈቱልን በሉ። ወፍራም ጋቢ ያዙ፤ የዚያ አገር ብርድ በጥር አያስቆምም።

መመለስ

ከደብረ ሊባኖስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሱ እንጦጦ ላይ ሳይመሽባችሁ ትደርሳላችሁ። በሕዝብ መኪና የመጣ ሰው መገንጠያው ላይ ቆሞ ከፍቼ የሚመጣውን መጠበቅ አለበት፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ሞልተው ስለሚያልፉ ቀደም ማለት ይሻላል። ጸበሉን የያዘውን ጀሪካን ከእግር ሥር አታስቀምጡ፤ እቅፋችሁ ላይ ይሁን፤ ካልሆነም ለረዳቱ «ጸበል ነው» ብላችሁ ስጡት፣ ቦታ ይፈልግለታል። ቤት ስትደርሱም ለጎረቤትና ለታመመ ሰው አድርሱ። እኔ ባለፈው ጥቅምት ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠብቃኝ ስለ መቃብሩ ጠየቀችኝ፤ «ተሳልሜያለሁ፣ የአንቺንም ድርሻ» አልኳት፤ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች።